የጤና ባለሙያ በቤት ውስጥ ስላለ የጦር መሣሪያ ሲጠይቅ፦ የጥያቄው ዓላማ፣ የምስጢር ጥበቃውና የታካሚው መብት

ደብረ ታቦርና አካባቢው ከጦር መሣሪያ ጋር ረጅም ታሪክ አላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ያሠሩት ከከተማዋ አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ነው። ዛሬም በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ጠመንጃ የቤትና የከብት መጠበቂያ፣ የአባት ቅርስ፣ በሠርግና በለቅሶም የክብር መግለጫ ተደርጎ ይታያል። በመሆኑም አንድ ታካሚ ለሕክምና ሄዶ «በቤትዎ የጦር መሣሪያ አለ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ጥያቄው ከምዝገባ ወይም ከትጥቅ ማስፈታት ጋር የተያያዘ ሊመስለውና መልስ ከመስጠት ሊቆጠብ ይችላል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄው ለምን እንደሚቀርብ፣ መልሱ እንዴት በምስጢር እንደሚጠበቅና ታካሚው ምን መብት እንዳለው ያብራራል።

ጥያቄው መቼ ይቀርባል?

ጥያቄው ለሁሉም ታካሚ የሚቀርብ አይደለም። በአብዛኛው የሚነሣው በሚከተሉት ሁኔታዎች ነው፦

• ታካሚው በከባድ ድባቴ ወይም በሌላ የአእምሮ ሕመም ሲሠቃይ፣ ወይም ሕይወቱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው ሲገልጽ፤
• የአልኮል መጠጥ ችግር ከቁጣና ከግጭት ጋር ተያይዞ ሲታይ፤
• አንዲት ታካሚ በቤቷ ጥቃት ወይም ዛቻ እንደሚደርስባት ስትናገር፤
• በቤት ውስጥ ሕፃናት ወይም የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታቸው የተዳከመ አረጋውያን ሲኖሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ። ድርጅቱ ሞትን ለመቀነስ ከሚመክራቸው መንገዶች አንዱ ለአደጋ የሚውሉ ነገሮችን፣ በተለይም ፀረ-ተባይ ኬሚካልንና የጦር መሣሪያን፣ ከታካሚው ማራቅ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአእምሮ ጤና አገልግሎትን በጤና ጣቢያዎች ለማስፋፋት የተጠቀመችበት የድርጅቱ መመሪያም ይህንኑ ይመክራል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙ ጊዜ በርትቶ መጥቶ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የሚያልፍ ነው። በዚያ ጊዜ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በእጅ ቅርብ ከሆነ ግን ለመጸጸትም ሆነ ለመታከም ዕድል አይገኝም። ስለዚህ ባለሙያው የሚፈልገው መሣሪያውን ሳይሆን፣ በታካሚውና በመሣሪያው መካከል ጊዜና ርቀት እንዲኖር ማድረግን ነው።

መልሱ ለማን ይደርሳል?

የጦር መሣሪያ ፈቃድና ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ለተቆጣጣሪው ተቋም የተሰጠ ሥራ እንጂ የጤና ተቋማት ተግባር አይደለም። የመሣሪያው ዓይነት፣ መለያ ቁጥር ወይም የተገኘበት መንገድ ለሕክምናው አያስፈልግም።

በሕክምና ጊዜ የተነገረ ነገር የሙያ ምስጢር ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪሞችን፣ ነርሶችን፣ አዋላጆችንና ፋርማሲስቶችን ጨምሮ በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚገልጹ ሰዎች፣ ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ በወንጀል እንደሚጠየቁ ይደነግጋል። የግል ሕይወት መከበርም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተረጋገጠ መብት ነው። ይህ ጥበቃ ገደብ የለሽ እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። በባለጉዳዩ ፈቃድ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሕግ በሚፈቅደው ሌላ ሁኔታ ምስጢሩ ሊገለጽ ይችላል።

የታካሚው መብት

ታካሚው ጥያቄው ለምን እንደቀረበለት የመጠየቅ፣ ከሌሎች ሰዎች ተለይቶ ለብቻው የመነጋገር፣ በካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ የመጠየቅ፣ እንዲሁም ጥያቄውን ያለመመለስ መብት አለው። መልስ አልሰጠም ተብሎ ሕክምና ሊከለከል አይገባም። በተለይ በቤቷ ዛቻ የሚደርስባት ሴት ባለቤቷ ወይም ዘመዱ ባለበት እንድትጠየቅ መደረግ የለበትም።

ጉዳዩ በሌሎች አገሮችም አከራክሯል። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 ሐኪሞች ስለ ጦር መሣሪያ እንዳይጠይቁ የሚገድብ ሕግ አውጥታ ነበር። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የሕጉን ዋና ክፍል የሐኪሞችን የመናገር ነፃነት ይጥሳል በማለት ሽሮታል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

• ጠመንጃ ሲቀመጥ ጥይቱ ወጥቶ ካዝናው መነቀል አለበት። ጥይቱም ከጠመንጃው ተለይቶ በሌላ ቦታ መቆለፍ አለበት።
• መደበቅ ከመቆለፍ ጋር አንድ አይደለም። ከግድግዳ የተሰቀለን ወይም ከአልጋ ሥር የተቀመጠን ጠመንጃ ልጆች ያውቁታል።
• ከቤተሰቡ አንዱ ሲታመም ወይም በከባድ ሐዘን ላይ ሲሆን ቁልፉ በሌላ የቤተሰብ አባል እጅ ቢቆይ ይመረጣል።
• መሣሪያውን ለጊዜው ከቤት ማውጣት ካስፈለገ ፈቃድ ለሌለው ሰው መስጠት በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ለፈቃድ ሰጪው አካል ጥያቄ ማቅረብ ይገባል።
• መጠጥ ባለበት ድግስ መሣሪያ ይዞ አለመገኘት፣ ለደስታም ሆነ ለሐዘን ጥይት አለመተኮስ ሕይወትን ያድናል።
• ለድንች፣ ለሽንኩርትና ለሩዝ ማሳ የሚውል ፀረ-ተባይም እንደ መሣሪያው ሁሉ ተቆልፎ መቀመጥ ይኖርበታል።

አስቸኳይ እርዳታ ሲያስፈልግ

አንድ ሰው መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ፣ ንብረቱን ያለ ምክንያት ማከፋፈል ከጀመረ ወይም ቤተሰቡን እንደሚሰናበት ሆኖ ከተናገረ ብቻውን መተው አይገባም። መሣሪያና ኬሚካል ካለበት ቤት አርቆ፣ ሳይወቅሱና ሳይቆጡ በማዳመጥ፣ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። በቀበሌው ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሕመምተኛውን ወደሚቀጥለው ተቋም ለመላክ ይረዳሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በስልክ ቁጥር 907 ሊጠራ ይችላል።