ድሮን በአሰላ፦ ምን ይችላል? ምን አይችልም?

ፊልም የምትሠሩ ተከታታዮቻችን ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁን ባጭሩ እነሆ፦

🔹 አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጭላሎ ጫፍ ከ4,000 ያልፋል። እንደ ዲጄአይ ሚኒ 2 ያለ ትንሽ ድሮን ግን ከተነሳበት ቦታ ቢበዛ 500 ሜትር ነው የሚወጣው። ከከተማ አስነስቶ ጫፉን ከላይ መቅረጽ አይታሰብም፤ ተሸክሞ ተራራውን መውጣት ነው።

🔹 ድምፅ አይቀዳም።

🔹 31 ደቂቃ የተባለው ባትሪ በስስ አየርና በብርድ ቶሎ ያልቃል። እኛ ጋቢ ውስጥ ጠቅልለን ነው የምንይዘው።

🔹 ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ የግድ ነው።

ፈቃዱን ይዛችሁም ቢሆን ለቀበሌውና ለአገር ሽማግሌዎች ቀድማችሁ ንገሩ። ዘንድሮ ገበሬው የድሮን ድምፅ ሲሰማ ትዝ የሚለው ፊልም አይደለም።