የአንድ ባለ 21 አኃዝ ቁጥር ታሪክ

67 ሁለቶች እርስ በርሳቸው ተባዝተው ከሚገኘው ውጤት ላይ 1 ሲቀነስ፣ የሚቀረው ቁጥር 147,573,952,589,676,412,927 ነው። ይህ ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነውን? ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ሌላ ቁጥር የለምን? ጥያቄው አጭር ቢመስልም የተሟላ መልስ እስኪያገኝ ድረስ 259 ዓመታት አልፈዋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1644 ዓ.ም. ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን ሜርሴን ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከ2 እስከ 257 ካሉት ቁጥሮች መካከል 11 ብቻ መርጠው፣ በእያንዳንዳቸው ልክ ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ ብቸኛ ቁጥር ይገኛል ሲሉ ጻፉ። ከ11ዱ አንዱ 67 ነበር። ማስረጃ ግን አላቀረቡም። ሜርሴን ከዘመኑ ታላላቅ ሊቃውንት ጋር የሚጻጻፉ የተከበሩ ሰው ስለ ነበሩ ቃላቸው ክብደት ነበረው። ቁጥሩን አካፋይ በአካፋይ ልፈትን ለሚል ሰው ደግሞ ፍለጋው ከ12 ቢሊዮን በላይ ድረስ የሚዘልቅ ነበር። ስለዚህም አባባሉ ሳይረጋገጥም ሳይፈርስም ቆየ።

በ1876 ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኤድዋርድ ሉካስ፣ አካፋይ መፈለግ ሳያስፈልግ የእነዚህን ቁጥሮች ብቸኝነት ለመመርመር የሚያስችል ዘዴ አገኙ፤ በዚሁም ዘዴ የ67ቱ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን አሳዩ። ሆኖም አካፋዮቹ እነማን እንደ ሆኑ ዘዴው አይናገርም። ስለዚህ ስሕተቱ ቢታወቅም፣ ቁጥሩ ከምን ከምን እንደ ተባዛ ገና አልተገለጠም ነበር።

በጥቅምት ወር 1903 መጨረሻ፣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው መምህር ፕሮፌሰር ፍራንክ ኔልሰን ኮል በኒውዮርክ በተደረገው የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ ተነሡ። እንደሚተረከው አንዲት ቃል ሳይናገሩ በሰሌዳው ላይ በአንድ በኩል ሁለቶቹን አባዝተው 1 ቀነሱ፤ በሌላው በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 አባዙ። ሁለቱ ውጤቶች አንድ ሆኑ፤ ተሰብሳቢውም አጨበጨበ። አካፋዮቹን ለማግኘት የሦስት ዓመት እሑዶች እንደ ፈጁባቸው ኋላ ተናግረዋል ይባላል። በእርግጥ ፍለጋውን የሚያጠብብ ሕግ አለ፤ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ በ134 ሲካፈሉ 1 ይተርፋቸዋል። 193,707,721ም 134 በ1,445,580 ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት የሚገኝ ነው። ይሁንና በእርሳስና በወረቀት ለሚሠራ ሰው ይህም ቢሆን ታላቅ ድካም ነበር።

የኮል ሥራ ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ለማግኘት ዓመታት የፈጀውን ነገር፣ ማባዛት የሚችል ተማሪ ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ሊያረጋግጠው ይችላል፤ የሜርሴንን ቃል ለመቀበል ግን ሜርሴንን ከማመን በቀር ሌላ መንገድ አልነበረም።

የሜርሴን ዝርዝር ተመርምሮ ያለቀው በ1947 ነው። 67 እና 257 ወጡ፤ ተዘለው የነበሩት 61፣ 89 እና 107 ገቡ። ቁጥሮቹ ግን ዛሬም በሜርሴን ስም ይጠራሉ፤ ለ3 መቶ ዓመታት ሊቃውንትን ያመራመረውን ጥያቄ ያቀረቡት እርሳቸው ነበሩና።