ከጎረቤት ጎረቤት የሚተላለፍ ቀለበት

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ የደም ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ባክቴሪያ አራት መድኃኒቶችን በአንዴ ተላምዶ ተገኘ። ሐኪሞች ግራ ገባቸው። አንዱንስ ይሁን፤ አራቱን በአንድ ጊዜ እንዴት?

በ1959 ኦቺያይና አኪባ የተባሉ ተመራማሪዎች ፍንጩን አገኙ፦ አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢኮላይ መላመዱን ለሺጌላ ያስተላልፋል። ባክቴሪያ እንደ እኛ ሴል ኒውክለስ የለውም። ከዋናው ዲኤንኤ ሌላ ግን ፕላስሚድ የሚባሉ ትናንሽ ቀለበቶች ይኖሩታል፤ እነሱን ቀድቶ ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤቱም ያቀብላል።

ስለዚህ ወገኖች፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥ «የራሴ ጉዳይ» አይደለም። ዛሬ በእኔ አንጀት መድኃኒት የተላመደው ጀርም ነገ የጎረቤቴን ልጅ መድኃኒት ሊያሳጣት ይችላል።