«ሼከር» የሚባለው የካቢኔ በር ከየት መጣ?

ሰሞኑን ኪችን የሚያሠራ ወዳጅ በዝቶብኛል። ዲሲ አካባቢ የምትኖር የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የቱ ይሻላል?» ብላ የሦስት ካቢኔ በሮች ፎቶ ላከችልኝ። አዲስ አበባ ያሉትም የሚያሳዩኝ ያንኑ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ እንጂ አናጺ አይደለሁም። ግን ሁለቱ ፎቶዎች ላይ «ሼከር» የሚል ስም ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሼከር የፋብሪካ ስም አይደለም፤ የሃይማኖት ማኅበር ስም ነው። «ተንቀጥቃጮች» እንደማለት ነው። በጸሎት ሰዓት መንፈስ ሲሞላቸው ሰውነታቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሰው ለፌዝ ያወጣላቸው ስም ነው። መሪያቸው አን ሊ የማንችስተር አንጥረኛ ልጅ ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም። አራት ልጆች ወልዳ አራቱንም በሕፃንነታቸው ቀብራለች። እንግሊዝ አገር በእምነቷ ምክንያት ታሰረች፤ በ1774 ስምንት ተከታዮቿን ይዛ በመርከብ ኒውዮርክ ገባች።

እነዚህ ሰዎች አያገቡም፣ አይወልዱም፣ የግል ንብረት የላቸውም። ወንዱም ሴቱም በአንድ ትልቅ ቤት ይኖራሉ፤ ደረጃቸው ግን ለየብቻ ነው። ሥራ ለእነሱ የአምልኮ ክፍል ነው። በ1845 በወጣው ደንባቸው ላይ ለጌጥ ብቻ የሚሠራ ክፈፍና ቅርጽ ተከልክሏል።

እስቲ አስቡት፤ መቶ የሚጠጋ ሰው በአንድ ቤት ሲኖር ዕቃው የት ይገባል? መልሳቸው ግድግዳው ውስጥ ነበር። ማሳቹሴትስ ሃንኮክ በሚባል ቦታ በ1830 የሠሩት የጡብ ቤት 245 የካቢኔ በሮችና 369 መሳቢያዎች አሉት። ከግድግዳ ጋር አብሮ የተሠራ ካቢኔ ከላዩም ከሥሩም አቧራ የሚጠራቀምበት ክፍተት የለውም። ንጽሕና ደግሞ ለእነሱ የእምነት ጉዳይ ነበር።

በሩ አምስት ቁራጭ ነው፦ ሁለት ቋሚ፣ ሁለት አግዳሚ፣ መሐል ላይ አንድ ስስ ገበታ። ይህ አሠራር የእነሱ ፈጠራ አይደለም፤ አውሮፓ ውስጥ ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመት በፊት ነበረ። ምክንያቱም እንጨት አርፎ አይቀመጥም። በእርጥበት ወራት ወደ ጎን ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል። ሰፊ ጣውላ ብቻውን በር ቢሆን ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ስለዚህ የመሐሉ ገበታ ሙጫ ሳይነካው በዙሪያው ባለው ቦይ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል፤ እንደፈለገ ይሰፋል ይጠባል፣ በሩ ግን ቅርጹን አይለቅም። ሼከሮቹ ያደረጉት ከዚህ አሠራር ላይ ጌጡን መግፈፍ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዛሬ ሼከር ሲባል ነጭ ይመስለናል እንጂ እነሱ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይወዱ ነበር።

የማይወልድ ማኅበር እንግዲህ የሚያድገው ከውጭ በሚመጣ ሰውና በሚያሳድጋቸው ወላጅ አልባ ልጆች ነው። ያ ሲቀንስ እነሱም አነሱ። ዛሬ ሜይን ግዛት ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ቀርተዋል። በራቸው ግን አሜሪካ ውስጥ ስንትና ስንት ኪችን ውስጥ ተሰቅሏል።

ሦስተኛው ፎቶ ልሙጡ በር ነው። ይኼኛው ሌላ ታሪክ አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን የቤት እጥረት ጠንቶባት ነበር። በ1926 ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት የሠራተኛ ቤቶች 1.9 በ3.4 ሜትር የሆነ ኩሽና ነደፈች። የባቡር ምግብ ቤት ኩሽናን አጥንታ፣ የሴቶችን እርምጃ ቆጥራ ነው። ወደ 10,000 የሚሆኑ ተሠሩ። ለመወልወል የሚቀል በር፣ የዱቄት መሳቢያ ነቀዝ ከሚሸሸው ከኦክ እንጨት፣ ቀለሙም ዝንብ አይወደውም ተብሎ ሰማያዊ አረንጓዴ። ካቢኔ ከቤቱ ጋር ተሠርቶ መረከብ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ይቻላል። ሁለት ሰው ግን አያሠራም፤ ሴትዮዋን ብቻዋን ዘጋባት ብለው የወቀሱ ነበሩ፤ እኔም እስማማለሁ። ንድፍ አውጪዋ በ1941 ናዚዎችን በመቃወም ታስራ 15 ዓመት ተፈረደባት፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ወጣች። በ2000 ልትሞት 103 ዓመቷ ሊሞላ ቀናት ነበር የቀሯት። በዚያ ኩሽና ብቻ መታወቋን አትወደውም ነበር።

እኛ ጋ ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ነው፤ ጢሱም ሴቶቹም እዚያው። በር ያለው ያማረ ዕቃ ሳሎን የሚቀመጠው ቡፌ ነው፤ እሱም በመስታወት፣ ብርጭቆው እንዲታይ። (እናቶቻችን በዚያ ብርጭቆ ሲጠጡ ያየ አለ?) ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ኩሽናው ሳሎኑ አጠገብ ገባ፤ ስለ በሩ መጨነቅም አብሮ መጣ።

ወደ ጥያቄው ስመለስ፦ ዛሬ ሼከር ተብሎ ከሚሸጠው ብዙው አምስት ቁራጭ አይደለም። አንድ ኤምዲኤፍ መሐሉ በማሽን ተፍቆ ነው። ለማወቅ ማዕዘኑን እዩ፤ መጋጠሚያ ከሌለው ወጥ ነው። ይህ በራሱ ነውር አይደለም። ኤምዲኤፍ እንደ እንጨት ስለማይሰፋና ስለማይጠብ ቀለሙ መጋጠሚያው ላይ አይሰነጠቅም። ጠላቱ ውሃ ነው፤ ካበጠ አይመለስም። የእንጨት ዋጋ እያስከፈሉ ኤምዲኤፍ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

ቁሌት በየቀኑ የሚቁላላበት ቤት ከሆነ ምድጃው አጠገብ ልሙጡን እመርጣለሁ። የሼከሩ የውስጥ ጠርዝ ላይ ዘይትና በርበሬ ይጋገራል፤ በጥርስ ብሩሽ ነው የሚለቀው። ሌላው ጋ ሼከር ይሁን። ከመክፈላችሁ በፊት አናጺውን ከዚያው ዕቃ ቁራጭ ጠይቁትና ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ጠርዙን በጣታችሁ ዳስሱት።