ሦስት፣ አራት፣ አምስት ዓመት፦ የሒሳብ ዲግሪያችን አጭር ታሪክ

የአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ የሒሳብ ምሩቃን በተገናኙ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች አይቀሩም። የመጀመሪያው «የስንት ባች ነህ?» ነው፤ ይሄ የትም አለ። ሁለተኛው «በስንት ዓመት ጨረስክ?» የሚለው ነው። ለሌላው ሰው ይህ ጥያቄ ስድብ ሊመስል ይችላል። እኛ ጋ ግን መልሱ እንደ ዘመኑ ስለሚለያይ በደንብ ይጠየቃል፦ አንዱ አምስት ይላል፣ አንዱ ሰባት፣ አንዱ ሦስት፣ አንዱ አራት። ትምህርቱ ያው የሒሳብ ዲግሪ ነው፤ የተሰጠው ጊዜ ግን ተቀያይሯል። የዲግሪያችንን ታሪክ በዚህ በኩል ማየት ዛሬ ያለንበትን ችግር ለመረዳት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ፣ ትምህርቱ ለምን ጊዜ ይፈልጋል? ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሒሳብ ማለት መሥራት ነው፤ ፎርሙላውን ታውቃለህ፣ ቁጥሩን ታስገባለህ፣ መልሱ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ጥያቄው ይቀየራል። «ስንት ይሆናል?» የሚለው ቀርቶ «ለምን ይሆናል? አረጋግጥ!» ይመጣል። ለዚህ የሁላችንም ምስክር ኤፕሲሎንና ዴልታ ናቸው። አንድ ፈንክሽን ወደ አንድ ቁጥር «ይጠጋል» ማለትን እስከዚያ ድረስ በዓይናችን ነበር የምናውቀው። አሁን ግን ተቃዋሚህ የፈለገውን ያህል ትንሽ ኤፕሲሎን ቢሰጥህ፣ አንተ የሚበቃውን ዴልታ አምጥተህ መመለስ አለብህ። በማትሪክ ሒሳብ ኤ ያገኘ ተማሪ እዚህ ጋ ቆሞ ይቀራል። ሽምደዳ አያዋጣም። ፎርሙላ በአንድ ሌሊት ችከላ ይያዛል፤ ማረጋገጥ ግን ደጋግሞ ተሳስቶ፣ ጓደኛ ጋር ተከራክሮ፣ እንደገና ጽፎ ነው የሚለመደው።

ቋንቋውም ሌላ ሥራ ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ ፈተናው እንግሊዝኛ፣ ዶርም ውስጥ ያለው ክርክር ግን በአማርኛ ነው። «እንበልና ይሄ ቁጥር ዜሮ አይደለም፤ እሺ፣ ከዚያስ?» እያልን ነው ብዙዎቻችን ማረጋገጥን የተማርነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁና ሌሎቹ ከፍተኛ ተቋማት ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ ወደ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሄድ የሳይንስ ትምህርት አራት ኪሎ ቀረ። ተማሪው ማትሪክ አልፎ ይገባል፣ የፍሬሽማን ዓመቱን ይማራል፣ ከዚያ የትምህርት ክፍሉን ይይዛል። በድምሩ አራት ዓመት።

በ1957 ዓ.ም. አራቱ አምስት ሆኑ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ደንብ ወጥቶ፣ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደረገ። አብዛኛው የተመደበው በአስተማሪነት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህር አልነበራቸውም። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች የመጡትም አንዱ ለዚሁ ጉድለት ነበር። የሚማረው ሒሳብ ራሱ በዚያው ሰሞን እየተለወጠ ነበር። በፈረንጆቹ 1962 በኡጋንዳ ኢንቴቤ የተጀመረው የአፍሪካ የሒሳብ ፕሮግራም ለሁለተኛ ደረጃ አዳዲስ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ ኢትዮጵያም ተካፋይ ነበረች። ስብስብ የሚባለውን ነገር፣ «ለምን?» ብሎ መጠየቅን ወደ ትምህርት ቤት ለማውረድ የተሞከረው ያኔ ነው።

ለሒሳብ ተማሪ ያቺ አንድ ዓመት የባከነች አልነበረችም። ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሌላ ሰው ማስረዳት፣ የተረዱትንና የተረዱ የመሰለዎትን ይለይልዎታል። አገሪቱም በምላሹ የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የቀመሰ አስተማሪ በየአውራጃው አገኘች።

ከዚያ ትልቁ መቋረጥ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ዩኒቨርሲቲው ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። ካልኩለስ ጀምሮ የሄደ ተማሪ ሲመለስ ደብተሩን እንደ አዲስ ነው የከፈተው። ሳይመለሱ የቀሩም አሉ፤ ቀጥሎ በመጣው የቀይ ሽብር ዘመንም የክፍል ጓደኞቻቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። የዚያ ዘመን ሰዎች «በሰባት ዓመት ጨረስኩ» ሲሉ ቁጥሩን ብቻ አትስሙ።

በደርግ ዘመን ከሶሻሊስት አገሮች የመጡ መምህራን አስተማሩ፤ የኛም ልጆች እዚያው ሄደው ተምረው ተመለሱ። ዲግሪው ግን ያው አራት ዓመት ሆኖ ቆየ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ተባሉ፤ የፍሬሽማን ትምህርት ወደዚያ ወረደ፤ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የገባው ተማሪ በሦስት ዓመት እንዲመረቅ ሆነ። በወረቀት ሲታይ ምንም አልተቀነሰም፣ ቦታው ነው የተለወጠው። በተግባር ግን ፍሬሽማን ላይ የዩኒቨርሲቲ መምህር ያስተምር የነበረውን፣ ቀድሞውኑ ሥራ የበዛበት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ተሸከመው። ዩኒቨርሲቲ ላይም ሊኒየር አልጀብራው፣ ሞደርን አልጀብራው፣ ሪል አናሊሲሱ በሦስት ዓመት ውስጥ ተጨናነቁ። ማረጋገጥ መለማመጃ የነበረችው ጊዜ ናት የተቆረጠችው።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ገጽ አለው። በዚያው ዘመን በጣት የሚቆጠሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል። ድሮ አራት ኪሎን በስም እንኳ የማያውቅ የገበሬ ልጅ በአቅራቢያው ሒሳብ የሚማርበት ክፍል አገኘ። ይህን «የኛ ጊዜ ይሻል ነበር» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ችግሩ በሩ መከፈቱ አልነበረም፤ ቁጥሩ ሲበዛ ጊዜው ማጠሩ ነው። በዚያ ላይ ብዙው ተማሪ ሒሳብ ክፍል የገባው መርጦ ሳይሆን ተመድቦ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ፤ ዲግሪውም እንደገና አራት ዓመት ሆነ። ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀው የመጀመሪያ ዓመት የሒሳብ ኮርስ የሚጀምረው በሎጂክና በስብስብ ነው፤ ማለትም «ለምን?» ከሚለው። ጥሩ ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ።

ታዲያ ነገሩ ተስተካከለ ማለት ነው? አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። በአንድ ምክንያት የመጣ ውጤት አይደለም። ጦርነት ነበር፣ ኮቪድ ነበር፤ ፈተናውም ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ጀምሮ ነበር። ግን የኛም ሰንሰለት አለበት። እስቲ እንቁጠረው፦ በ1996 ዓ.ም. የገባ ተማሪ በ1998 ይመረቃል። በ1999 ዘጠነኛ ክፍል ያስተማረው ልጅ በ2002 ዐሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል፣ በ2005 ይመረቃል፣ እሱም በተራው በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ያስተምራል። የዚያኛው ተማሪ በ2009 ዐሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል። አንድ ዙር ሰባት ዓመት ነው። ዲግሪው ላይ የቆረጥናት ጊዜ ተመልሳ የምትመጣው እንዲህ ዞራ ነው፤ የመለስናትም ጊዜ ፍሬዋ የሚታየው እንዲሁ ዘግይቶ ነው። በ2012 የገባው ባች ገና አሁን ነው ሰሌዳ ፊት የቆመው።

የሚያስፈራኝ ይህ ዙር ከመሙላቱ በፊት የሚሞላው ሰው መጥፋቱ ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያልፈው ጥቂት ሲሆን፣ ያለፈውም ሕክምናውንና ምህንድስናውን ሲያይ፣ ሒሳብን ፈቅዶ የሚይዘው ማን ነው? ተማሪው ቢሸሽ አይፈረድበትም። የሒሳብ ምሩቅ ሲባል የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፦ ደመወዙ የማይበቃው የትምህርት ቤቱ መምህር።

እዚህ ላይ ነው እኛ የምንጠየቀው። ከመካከላችን በባንክ፣ በኢንሹራንስ፣ በስታትስቲክስ፣ በቴሌኮም፣ በሶፍትዌር የሚሠሩ አሉ፤ በውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩም አሉ። ከየቤቱ ለዲፓርትመንቱ ወንበርና ፕሪንተር ማዋጣት መልካም ነው፤ ግን ጊዜ የሚተካው በጊዜ ነው። እያንዳንዳችን በዓመት ሁለት ቅዳሜ እንስጥ። አንዷን ለፍሬሽማኖች፣ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን አንዲት ማረጋገጫ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመሥራት። ሌላዋን በልጅነታችን ለተማርንበት ትምህርት ቤት፣ የሒሳብ ምሩቅ ምን ምን እንደሚሠራ ልጆቹ በዓይናቸው እንዲያዩ። በሥራ ላይ ያላችሁ መምህራን ደግሞ የትኛው ክፍል ሰው እንደሚያስፈልገው ንገሩን። በዚህ የመገናኛ በዓል ማኅበራችን የስም መመዝገቢያ ቢያዘጋጅና ከመስከረም ጀምረን ብንገባበት፣ በ2012 ከተጀመረው ዙር ጋር አብረን እንራመዳለን።