የጡት ማጥባት ድጋፍ ሙያ፦ ምንድን ነው? ሥልጠናውስ እንዴት ነው?

አንዲት እናት በወለደች በሦስተኛው ቀን «ወተቴ አልበቃውም» ብላ ስታለቅስ ቤቱ በመካሪ ይሞላል። አንዷ አጥሚት ጠጪ፣ ሌላዋ የቆርቆሮ ወተት ግዙ ትላለች። ብዙ ጊዜ ችግሩ ሕፃኑ ጡቱን የያዘበት አኳኋን ነው፤ ያንን አይቶ የሚያስተካክል ሰው ግን የለም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የጡት ማጥባት ድጋፍ ሙያ ነው። ልጅ አጥብቶ ማሳደግ ትልቅ ልምድ ቢሆንም ብቻውን ባለሙያ አያደርግም፤ ሙያው ትምህርትና በሰዓት የሚቆጠር ልምምድ ይጠይቃል።

ሥራው ምንን ያካትታል?

ባለሙያዋ በቅድሚያ እናትየዋን ታዳምጣለች፤ ከዚያም ሕፃኑ ሲጠባ ትመለከታለች። አስተቃቀፉንና አጎራረሱን ታስተካክላለች። ሕፃኑ በቂ ወተት ማግኘቱን ከክብደቱና ከሽንቱ ብዛት ትለያለች። ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ወተት እንዴት እንደሚታለብና በኩባያ እንደሚሰጥ ታሳያለች። ከሙያዋ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ትልካለች። መመሪያዋ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው፦ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ማስጀመር፣ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ከዚያም ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ማጥባት። በሀገራችን አንዳንድ ቦታ እንገሩን አልቦ መድፋትና ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ ስላለ፣ አያቶችን በአክብሮት ማስረዳትም የሥራው አካል ነው።

የሥልጠና ደረጃዎች

1. የእናት ለእናት ድጋፍ፦ በአሜሪካ «ዊክ» የተሰኘው የመንግሥት የምግብ ድጋፍ መርሐ ግብር ከ2004 ጀምሮ ራሳቸው ያጠቡ እናቶችን አሠልጥኖ በክፍያ ያሠራል። የእናቶቹን ቋንቋና ባህል ማወቅ ተፈላጊ በመሆኑ፣ በዚያ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ እህቶች ጥሩ መነሻ ነው።

2. የ40 ሰዓት ሥልጠና፦ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1993 ለጤና ሠራተኞች ያዘጋጁት የምክር አገልግሎት ኮርስ ሲሆን የተግባር ልምምድን ያካትታል። በኢትዮጵያ አዋላጆች፣ ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእናቶች ቅርብ የሆኑ ባለሙያዎች ናቸው።

3. ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት፦ ከ1985 ጀምሮ የሚሰጥ ሲሆን በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ «አይ.ቢ.ሲ.ኤል.ሲ» ይባላል። 95 ሰዓት የጡት ማጥባት ትምህርት፣ የጤና ባለሙያ ላልሆነች ደግሞ 14 የጤና ነክ ትምህርቶችን ይጠይቃል። የተግባሩ ሰዓት እንደ መንገዱ ይለያያል፦ ለጤና ባለሙያዎች 1,000 ሰዓት፣ በከፍተኛ ትምህርት መርሐ ግብር ለሚማሩ 300 ሰዓት፣ በአሠልጣኝ ባለሙያ ሥር ለሚለማመዱ 500 ሰዓት። በመጨረሻ ፈተና አለ፤ ምስክር ወረቀቱም በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። መስፈርቱ የሚሻሻልበት ጊዜ ስላለ ከማመልከት በፊት ማረጋገጥ ይገባል።

ለሙስሊም ባለሙያ ተጨማሪ ዕውቀት

ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ማጥባትን መሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመት ይጠቅሳል፤ የእናትየዋን ቀለብና ልብስም በአባት ላይ ያደርጋል። ስለዚህ ምክሩ አባትንም ይመለከታል።

የጡት ዝምድና ትልቁ ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት የሌላዋን ልጅ ካጠባች በልጆቻቸው መካከል የጋብቻ ክልከላ ሊመጣ ይችላል። በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀቦች አምስት የተለያዩ ጥቢዎች ሲያስፈልጉ፣ በሐነፊይና በማሊኪይ ጥቂቱም ይበቃል። ታልቦ በኩባያ የተሰጠ ወተትም በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ እንደ መጥባት ይቆጠራል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 የወተት ባንክን የከለከለው በዚህ ሥጋት ነው፤ የፈቀዱ ዑለሞችም አሉ። በውጭ ሀገር ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የለጋሽ ወተት ስለሚሰጥ ባለሙያዋ ወላጆችን አስቀድማ ታሳውቃለች፤ ፈትዋውን ግን ለዑለሞች ትተዋለች።

በረመዷንም እንዲሁ ነው፦ ለራሷ ወይም ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ እናት የማፍጠር ፈቃድ አላት። ይህን የማታውቅ እናት ከአማካሪዋ ብትሰማው እፎይ ትላለች።

ከየት ይጀመር?

አዋላጅ ወይም ነርስ የሆነች እህት በምትሠራበት ጤና ተቋም የ40 ሰዓቱን ሥልጠና ትጠይቅ፤ ያልሆነችም ከእናት ለእናት ድጋፍ ትጀምር። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይያዝ፦ በ1981 የጸደቀው የጡት ወተት ተተኪዎች የገበያ ደንብ ኩባንያዎች ምርታቸውን በጤና ሠራተኞች በኩል እንዳያስተዋውቁ ይከለክላል። የእናት እምነት አማና ነው፤ በስጦታ አይለወጥም።