«መካከለኛው ምሥራቅ» የማን መካከል ነው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። «መካከለኛው ምሥራቅ» የሚለውን ስም ያስለመደው ግን መልአክ ሳይሆን አልፍሬድ ማሃን የተባለ ጡረታ የወጣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። በ1902 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለአንድ የለንደን መጽሔት ሲጽፍ የፋርስን ባሕረ ሰላጤ አካባቢ እንዲህ ብሎ ጠራው። ያሳሰበው የሕዝቡ ኑሮ አልነበረም፤ እንግሊዝ ከሱዌዝ ወደ ሕንድ የምትሄድበትን የባሕር መንገድ ሩሲያ እንዳትዘጋባት ነው። ወዲያውም የታይምስ ጋዜጠኛ ቫለንታይን ቺሮል ስሙን ተቀብሎ በተከታታይ ጽሑፎቹ አሠራጨው።

እስቲ ካርታውን እንዘርጋ። በሰሜን የአናቶልያና የኢራን ደጋዎች፣ መሐል ላይ ጤግሮስና ኤፍራጥስ የሚያጠጡት ሜዳ፣ በደቡብ የዓረብ በረሃ፣ በምዕራብ የዓባይ ሸለቆ። ታዲያ ይህ ሁሉ ምሥራቅ የሚሆነው ለማን ነው? ለንደን ለቆመ ሰው ነዋ! ሕንዶች «ምዕራብ እስያ» ይሉታል። አዲስ አበባ ለተቀመጥነው ለእኛ ደግሞ ደማስቆም ባግዳድም በስተሰሜን ናቸው።

የቃል ጨዋታ ነው የሚለን አይጠፋም። አይደለም። በ1921 ቸርችል በእንግሊዝ የቅኝ አገር ሚኒስቴር ውስጥ የመካከለኛው ምሥራቅ መምሪያ አቋቋመ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ካይሮ በተደረገው ስብሰባ፣ የሒጃዙ ፈይሰል በኢራቅ ላይ እንዲነግሥ እንግሊዞች ወሰኑ። ስሙ ቢሮ አገኘ፤ ቢሮው ደግሞ ንጉሥ ይመርጥ ጀመር።

ነገሩ እኛንም ነክቶናል። በ1941 ጣልያንን ለማስወጣት ከአርበኞቻችን ጎን የተሰለፈው የእንግሊዝ ጦር የበላይ አዛዥ፣ ካይሮ የተቀመጠው የመካከለኛው ምሥራቅ አዛዥ ጄኔራል ዌቭል ነበር። በ1957 ደግሞ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ለአካባቢው እርዳታና ጦር እንሰጣለን ሲሉ፣ ለመሆኑ መካከለኛው ምሥራቅ የቱ ነው ተብለው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዳለስ ተጠየቁ። እሳቸውም ከሊቢያ እስከ ፓኪስታን ያለውን ቆጥረው ሱዳንንና ኢትዮጵያን ጨመሩበት። በ1958 ያው መሥሪያ ቤት እንደገና ሲተረጉመው ግን ከግብፅ እስከ ቃታር ያሉ ጥቂት አገሮች ብቻ ቀሩ። በዓመት ውስጥ ገብተን ወጣን ማለት ነው፤ ተራሮቻችን ግን ካሉበት ንቅንቅ አላሉም።

ዛሬ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው በስሙ ይጠቀማሉ። በ1978 ለንደን ላይ የተመሠረተው ትልቁ የዓረብኛ ጋዜጣ «አሽ-ሸርቅ አል-አውሰጥ» ትርጉሙ ይኸው «መካከለኛው ምሥራቅ» ነው። ስለዚህ ስሙ ይጣል አንልም። የምንለው፣ በመማሪያ መጽሐፋችን ስናገኘው ዝም ብለን አንለፈው ነው። ጸሐፊው የት ቆሞ ነው? ምን ፈልጎ ነው? ብለን እንጠይቅ። ራሳችንን «የአፍሪካ ቀንድ» ስንልም ጥያቄው አይቅርብን።